የደረጃዋ ሴትዮ ግራ እጅ

ልጄ የምትስላቸው ጉዶች ቤታችን የገቡት በገዛ ወረቀቴ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ወደ መንገድ የሚከፈተውን የፊት ክፍላችንን ሱቅ አድርጌዋለሁ። ፓተርን፣ ማለት የልብስ መቁረጫ ንድፍ፣ የማወጣበትን ካኪ ወረቀት በጥቅል ነው የምገዛው፤ አንዱ ጥቅል አራት ወር ይቆየኛል። በዚያ ሰሞን ግን በሦስት ሳምንት አለቀ። መጀመሪያ አይጥ ጠረጠርኩ። ቀጥዬ ሌባ ጠረጠርኩና በሩ ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠምኩ።

«ወረቀት ብቻ የሚሰርቅ ሌባ ከመጣ አስገቢውና ሻይ አፍይለት፤ ችግረኛ ነው» አለኝ ባሌ። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ሲጋፋ ስለሚውል ቤት ሲገባ ምንም ነገር አያስደነግጠውም። የኔንም ድርሻ ጨምሮ ተረጋግቶ ይቀመጣል።

በማግስቱ የልጄን አልጋ ሳነጥፍ ከሥሩ የካኪ ጫፍ ታየኝ። ሳብ ባደርገው ተተረተረና አንዲት ሴትዮ ወለሉ ላይ ተጋድማ ሽቅብ አየችኝ። ቁመቷ የኔን ያህላል። ጥርሷ ከጆሮ እስከ ጆሮ፣ ምላሷ እስከ እምብርቷ፤ ከጥፍሮቿ ሥር ቀይ ነገር ይንጠባጠባል። ትራሱን አቅፌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ከመጥፎው እስከ ባሰው ደረደርኩት። ልጄ ታማለች። ልጄ ክፉ ሰው እጅ ወድቃለች። ወይም ደግሞ ይህን ሁሉ ከኔ ወርሳዋለች።

አመሻሹ ላይ ከሥራ ስትመለስ ወረቀቱን ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅኳት።

«እማ! ሥራ ነው እኮ» አለችኝ ቦርሳዋን ሳታወርድ።

«የምን ሥራ ነው ምላሱን አውጥቶ አልጋ ሥር የሚተኛው?»

ጫሪት እንላታለን። በሁለት ዓመቷ ያገኘችውን ግድግዳ ሁሉ በከሰል ስትሞነጫጭር አባቷ ያወጣላት ስም ነው፤ ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷትም አለቀቃትም። አኒሜሽን የሚሠራ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሎች የሳሉትን ቀለም ስትቀባ ኖራ፣ አሁን ገና ለአንድ አጭር ፊልም ገጸ ባህሪዎቹን ራሷ እንድትፈጥር ሰጥተዋታል። መልካቸውን፣ አካሄዳቸውን፣ ልብሳቸውን፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። አንዱን ያየ ሰው ሌላውም የዚያው ፊልም መሆኑን እንዲያውቅ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች መምሰል አለባቸው አለችኝ።

«ፊልሙ ስለ ምንድነው?»

«አንድ ሕንጻ አለ። እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ጠዋት ሲነሱ በየቀኑ ከገላቸው አንድ ነገር ጠፍቶ ያድራል። ጆሮ፣ ጣት፣ ጉልበት። ግን ማንም አያነሳውም። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ ተባብለው ደረጃውን ይወርዳሉ።»

«የጠፋውን ማን ወሰደው?»

«ደረጃው ሥር የምትኖር ሴትዮ አለች። እሷ ትሰበስበዋለች።»

«ምን ልታደርገው?»

«እሱን ገና አላወቅነውም።»

«ሳታውቁት ነው እንግዲህ ልቤን የሰነጠቃችሁት!»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ሞተ። ዳይሬክተሩ፣ ቤት ውስጥም ኮፍያውን ስለማያወልቅ ባለ ኮፍያው የምትለው ሰውዬ፣ ሥራዋን ሁለት ጊዜ መልሶባታል። «ጥርስ ሁሉም ሰው ይስላል» ብሏታል። «ደምም ሁሉም ሰው ይቀባል። እነዚህን ጭራቆች ከዚህ በፊት አይቻቸዋለሁ፣ የማንም ናቸው። ከራስሽ ቤት አምጪልኝ።» በሰው ቁመት የሚያስላትም እሱ ነው፤ በስልክ ላይ የሚያስፈራ ነገር ቁመት ሲያወጣ ያስቃል ባይ ነው። ሦስተኛውና የመጨረሻው ዕድሏ የፊታችን ሰኞ ነው። ሰኞም ካልወደደው ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እሷ ወደ ቀለሟ ትመለሳለች።

«ቀለም ቀቢነት ከተመለስኩ እርሳስ ሁለተኛ አልነካም» አለች።

ሌላ ሰው ቢለው ንዴት ነው፣ ያልፋል ይባላል። ጫሪት ግን በአሥራ አንድ ዓመቷ «ሁለተኛ እንቁላል አልበላም» ብላ እስከ ዛሬ በአፏ አልዞረም። እርሳስ የሌላት ጫሪት ምን እንደምትመስል ላስብ ሞከርኩና አልመጣልኝም። ካወቅኳት ጀምሮ ቀኝ እጇ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ ፎቅ ላይ ወደምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ወጣሁ። ለሁሉም ነገር እሷን ነው የማማክረው። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት።

«ትበላለች?» አለችኝ።

«ከእንቁላል በቀር።»

«ትተኛለች?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ አራት ሰዓት።»

«ትስቃለች?»

«አባቷ ሲያወራ ትስቃለች።»

«እንግዲያው ልጅቷ ደህና ናት፤ የታመምሽው አንቺ ነሽ። ነይ ግፊትሽን ልለካሽ።» ለካችኝ። ከፍ ብሏል።

ያን ሳምንት ጫሪት ሦስተኛዋን ሴትዮ ስትስል ሰነበተች። ቤት ውስጥ ሰው የሚያህል ወረቀት የሚዘረጋበት የኔ መቅደጃ ጠረጴዛ ብቻ ስለሆነ፣ እኔ ሥራ ሳቆም እሷ ትጀምራለች። በአንድ ጠረጴዛ ላይ በፈረቃ ሠራን ማለት ነው። በልብስ ጠመኔዬ ሁሉ ሳትስል አልቀረችም። ዓርብ ከሰዓት ስቱዲዮ አልሄደችም፤ አሥር ሰዓት ግድም እርሳሷን አስቀመጠች።

ሦስተኛዋ ጥርስ አልነበራትም። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ እንደ ክር የሳሳ። ቀሚሷ ከላይ እስከ ታች ኪስ በኪስ ሆኖ፣ ከየኪሱ ጣትና ጆሮ ብቅ ብቅ ብሏል። ዐይኖቿ የሞተ ዓሣ ዐይን ናቸው። ግራ እጇን ወደ ፊት ዘርግታለች፤ አምስት ጣቶቿ እንደ ረጃጅም መርፌ።

«እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ቆንጆ ናት» አልኩ። እናት ሌላ ምን ትላለች?

«እማ፣ ነገ ጠዋት ፀሐዩ በመስኮቱ ሲገባ ፎቶ አነሳታለሁ። እስከዚያ ማንም እንዳይነካት።»

«ማን ይነካታል!» አልኳት።

እሷ ከጓደኞቿ ጋር ልትገናኝ ወጣች። አምስት ደቂቃ አልቆየም፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት በሩን አንኳኳች። አርባ የተማሪ ጉርድ ልታሠራ ነው የመጣችው። በመስኮቱ አየኋት። ትምህርት ቤት የምታስተዳድር ሴት ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ በኪሷ ጆሮ የያዘች ሴትዮ ተጋድማ ብታይ ምን ትላለች? ለማንስ ትነግራለች? ወረቀቱን በሁለት እጄ አነሳሁና በግንባሯ ደፋኋት። ንጹሑ ጀርባዋ ወደ ላይ ሆነ። የጨርቅ ናሙናዬን እላዩ ላይ ዘረጋሁና «ይግቡ፣ ይግቡ» አልኩ።

ርዕሰ መምህርቷ ጉርዶቹን በሁለት ሳምንት ፈለገቻቸው። ሁለት ሳምንት! ከሄደች በኋላ ጭንቅላቴ በወገብና በቁመት ብቻ ተሞላ። ባሌ ሲገባ «ጠረጴዛው ላይ አዲስ ወረቀት ዘርጋልኝ፣ ነገ በማለዳ ፓተርን አወጣለሁ» አልኩት። «እሺ» አለ። የሱ እሺ ምን ያህል እንደሚቆይ ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ማወቅ ነበረብኝ። የስፌት ማሽኔን አጭር እግር አስተካክልልኝ ካልኩት እንኳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መርገጫውን በነካሁ ቁጥር ማሽኑ እንደ አሮጌ አውቶቡስ ይንገጫገጫል።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ናሙናውን ሳነሳው ጠረጴዛው ላይ እንደ አንሶላ የተዘረጋ ንጹሕ ካኪ ጠበቀኝ። ለካስ አልረሳም፣ ብዬ ባሌን በልቤ አመሰገንኩት። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣልኩ፣ የፊቱን ወርድ፣ የኋላውን ወርድ፣ ቀበቶውን፣ ኪሱን አሠመርኩ። ከዚያ ቆረጥኩ። በዚህ ሥራ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ፤ መቀሴ አያመነታም። መሃል ላይ ባሌ የሥራ ልብሱን ለብሶ ገባና ማሽኑ ሥር ተንበረከከ። ሲነሳ «በቃ፣ አስተካከልኩልሽ! ደግሞ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ በይ» አለ። ቀና ብዬም አላየሁት።

የፊተኛውን ቁራጭ፣ «ፊት» ብዬ ልጽፍበት ገለበጥኩት። አንድ የዓሣ ዐይን አየኝ።

ሌላውን ገለበጥኩ፤ ግማሽ አንገትና ሦስት ኪስ። ሌላውን፤ ከወገብ በታች። ቁርጥራጮቹን ሰብስቤ የብጣሽ ጨርቅ ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸውና አፉን አሠርኩ። ለምን እንደማሥረው አላውቅም፤ እንዳይወጡ ይመስል።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለኝ ባሌ ከበሩ ላይ።

ጆንያውን ፈትቼ አሳየሁት። አንዱን ቁራጭ አነሳና አገላብጦ አየው። «ይሄ የትኛው በኩሏ ነው?»

«ምን ዋጋ አለው የትኛው በኩሏ ቢሆን! ቀደድኳት እኮ! ሰኞ ነው የምታስረክበው!»

«ንገሪያት።»

«ነፋስ ወሰደው ልበላት?»

«ነፋስ በመቀስ ይቆርጣል?»

«ከቤት ትወጣለች። አትመለስም።»

«ቁርሷን ሳትበላ የትም አትሄድም። ንገሪያት» አለና ግንባሬን ስሞ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። ወንድ መሆን ጥሩ ነው፤ መርዶ ሲመጣ ሁልጊዜ የሥራ ሰዓቱ ደርሶበታል።

ጫሪት አራት ሰዓት ሲሆን ስልኳን ይዛ፣ ፎቶ ልታነሳ፣ ዐይኗን እያሸች ገባች። ፀሐዩ ልክ እንዳለችው በመስኮቱ ገብቶ ባዶውን ጠረጴዛ ያሞቃል።

«እማ፣ የታለች?»

ነፋሱም፣ ሌባውም፣ አይጡም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበሩ። «ቀደድኳት» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ርዕሰ መምህርቷን፣ መገልበጤን፣ አባቷን፣ መቀሱን። ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። ጆንያውን ወለሉ ላይ ዘረገፈችና ቁራጮቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ለምን ገለበጥሻት?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሴትየዋ እንዳታያት።»

«አስፈራችሽ?»

ልዋሽ ነበር። ግን የዚያን ቀን ውሸቴ ሁሉ አልቆ ነበር። «እሷስ አላስፈራችኝም። ሰው ምን ይለናል ብዬ ነው የፈራሁት።»

ራሷን ነቀነቀች። «ሰኞ ባለ ኮፍያውም አላስፈራችኝም ሊለኝ ነበር። ስስላት አውቄው ነበር፤ አታስፈራም። ዓሣና ኪስ ናት።» ተነስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ዘጋች። አላላተመችውም፣ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። እሱ ነው የባሰብኝ።

በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ቆየሁ። አላለቀሰችም። ሻንጣም አላወረደችም። ምንም የለም። ባዶ እጇን አልጋው ላይ ዘርግታ እንደተኛች ታየኝ።

እኔ ሲጨንቀኝ እጄ ካልሠራ አልችልም። ቁራጮቹን ለቀምኩና ቢያንስ አንድ ላይ ልግጠማቸው ብዬ ማኒኪኔ ላይ፣ ራስና እጅ የሌላት የእንጨት ደንበኛዬ ላይ፣ አሮጌ አንሶላ አለበስኩና በስፒል አያይዛቸው ጀመር። ወረቀቱ ግን ጉርድ ሆኖ ነው የተቆረጠው፤ ሴትዮ መሆን አልፈልግ አለ። ትከሻው ከአንገቱ አይገጥምም፣ ወገቡ ሰፋ፣ ፊቱ ተንጠለጠለ። እኔም እጄ የለመደውን አደረግሁ። የሰፋውን ቆነጠጥኩ። ልብስ ገላ ላይ እንዲቀመጥ ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች እየጠበበ የሚሰፋውን ቁንጥጫ እኛ ፔንስ እንለዋለን። ጉንጯ ላይ ፔንስ ያዝኩ፤ አንዱ ዐይን እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ደረቷ ላይ ያዝኩ፤ ሁለት ኪስ ተዋጠ። ቀኝ ትከሻዋን ዝቅ አድርጌ ወጋሁት። ግራ እጇን ፈለግሁ። የለም። ጆንያውን ገለበጥኩ፣ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፣ መጥረጊያውን አራገፍኩ። የለም። የግራ እጅጌዋን ባዶ ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፍኩና ጎኗ ላይ በስፒል ያዝኩት።

«እንዳትነኪያት።»

ጫሪት በሩ ላይ ቆማለች። ስንት ሰዓት እንደቆመች አላውቅም። በጠቋሚ ጣቷ እንዳልንቀሳቀስ ምልክት እያሳየችኝ ወደ ማኒኪኑ ተጠጋች፤ ወፍ እንዳትበርባት የምትፈራ ትመስል ነበር።

«ጉንጯን ምን አደረግሽው?»

«ሰፋብኝ፤ አስገባሁት። ልፍታው?»

«አትፍቺው! ትከሻዋን ለምን ዝቅ አደረግሽው?»

«ሰው ሁሉ አንዱ ትከሻው ዝቅ ይላል። ዕቃ የሚይዝበት ይወርዳል። ሁለት እኩል ትከሻ ያለው ደንበኛ መጥቶልኝ አያውቅም።»

«እጅጌውስ?»

«እጇ ጠፋ። ባዶውን ከማንጠልጥለው ብዬ ነው። ሰው እንዳያፈጥባት።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እስቲ ንገሪኝ፣ እማ። የጎደለው ሰው ሲመጣ ምን ታደርጊያለሽ?»

«የምን የጎደለው?»

«ከገላው።»

እንግዲህ ስለ ሥራዬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንዲት ደንበኛ አለችኝ አልኳት፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሸሚዟን ልታስተካክል መጣች። አንድ ጡቷን አውጥተውላታል። ሜትሩን ሳዞር እጄ አወቀው። እሷም ማወቄን አወቀች። «ቀና በይ» አልኳት፣ ቀና አለች። በዚያ በኩል ሦስት ፔንስ ያዝኩበት። መስታወት ፊት ቆማ «ቁልፎቹ ያምራሉ» አለች፤ እኔም «ያምራሉ» አልኩ። ሌላው አንድ እግሩ የሚያጥር ሰውዬ ነው። የግራ ሱሪውን ሁል ጊዜ ሁለት ጣት አሳጥርለታለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ደንበኛዬ ሆኖ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

«አንስታችሁት አታውቁም» አለች ጫሪት።

«ምን ብዬ ላንሳው?»

«ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልሽ ትባባላላችሁ።»

«ታዲያ ምን እንባባል?»

ቀና ብላ አየችኝ። የዚያን ጊዜ ነው እርሳሱ እጇ ላይ መሆኑን ያየሁት፤ ከየት እንዳወጣችው አላውቅም። «ሴትዮዋ የምትሰበስበውን ምን እንደምታደርገው ጠይቀሽኝ አልነበር? ምንም አታደርገውም። የሷ ሥራ ልብሳቸውን በጎደለው ልክ ማስገባት ነው። ጠዋት ሲነሱ ጉድለቱ እንዳይታይ፣ ከነሱ ቀድማ ልብሳቸውን ሰፍታ ትጨርሳለች።»

አሰብኩት። «ይቺስ ታስፈራለች» አልኩ።

«ለምን?»

«ደግ ናት እኮ።»

ጫሪት ጻፈችው።

ያን ቀንና እሑድን ሙሉ አብረን ሠራን። እሷ ትስላለች፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እሷ እየቀባች እኔ እቆነጥጣለሁ። የሕንጻውን ነዋሪዎች አንድ በአንድ እንደ ፓተርን በጠፍጣፋ ቁራጭ አወጣናቸው፤ የስፌቱን መሥመር ነጠብጣብ፣ የመግጠሚያውን ምልክት ሳይቀር ፊታቸው ላይ ተወችው። ሕጓን ቁራጭ ካኪ ላይ በጠመኔዬ ጻፈች። የጎደለው አይሳልም፣ የተሳበው ጨርቅ ነው የሚሳለው። ደም የለም። አፍ አይከፈትም። ሁሉም ሰው አንድ ትከሻው ዝቅ ይላል። ሊተኛ የመጣውን አባቷን ከጎን ልትስለው አስቆመችው።

«የኔ ምኔ ነው የጠፋው?» አለ።

«ቂጥህ» አለችው። «ተቀምጠህ ነድተህ ጨርሰኸዋል።»

«ዝም ብዬ ደህና አደርሽ ልበልሽ እንግዲህ?»

እኔ በመሃል በመሃሉ እነሳና የሴትዮዋን ግራ እጅ እፈልጋለሁ። ጫሪት አዲስ ብትስል በደቂቃ ይሠራል፤ ግን እንቢ አለች። «ከተገኘች ትገኛለች» አለች። የጠፋው በኔ እጅ ነውና በእንቅልፌ ሁሉ አምስት መርፌ ጣቶች ይመጡብኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጥቅሉን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ወጣች። ጥግ እስክትዞር በመስኮት ተከተልኳት። ዝናብ ቢመጣስ? አውቶቡስ ውስጥ ሰው ቢደገፍበትስ? ሰውዬው የልብስ ሰፊ ሥራ ነው ብሎ ቢስቅስ? እርሳሷን እንድትጥል አንድ ጊዜ ቢስቅባት በቂ ነው። አራት ሰዓት ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። አምስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዝግ ነው። ነርሷ ወርዳ ግፊቴን ለካችና መሣሪያውን ተጠራጠረች። ከሰዓት በኋላ ቀበቶ በቀበቶ ላይ ሰፍቼ ሦስቱን ፈታሁ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ገባች። ፊቷ ምንም አይልም። ጥቅሉ አብሯት የለም።

«ጣለው?» አልኩ። «ጣለው አይደል? ምንም አይደለም፣ ልጄ፣ ዓለም...»

«እማ፣ ልናገር?»

አፌን ዘጋሁ።

ባለ ኮፍያው ሴትዮዋን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ረጅም ጊዜ ቆሞ አያት አለች። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ግራ እጇስ?» ሲል ጠየቃት። «እናቴ ጣለችው» አለችው። ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ መሳቁን አቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። ራሱ መላጣ ነው፤ ስቱዲዮው ሁሉ በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አየው፤ ማንም ግን ምንም አላለም።

«ከራስሽ ቤት አመጣሽ» ነው ያላት።

ሴትዮዋን ተቀበላት። ሕጉን ከነጠመኔው ተቀበለው። ከነዋሪዎቹ ሦስቱን ግን አልወደዳቸውም፤ ገና ይቀራቸዋል፣ ድጋሚ ይሠሩ ብሏል። ዲዛይኑ እስከ መጨረሻው በሷ እጅ ነው።

«ሦስቱን ካልወደደ ነገ እሷንም ሊጠላት ይችላል» አልኩ።

«ይችላል» አለች ጫሪት፣ እየሳቀች፣ ከጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ካኪ እየሳበች። «ለዚህ ነው አሁን የምጀምረው። ሜትርሽን አውሺኝ።»

ከሳምንት በኋላ ርዕሰ መምህርቷ አርባውን ጉርድ ወሰደች። መርፌ ወድቆ እንደሆነ ለማየት ወለሉን ስጠርግ ማሽኑን ገፋ አደረግሁት። ከአጭሩ እግሩ ሥር አራት ላይ የታጠፈ ካኪ ታየኝ። ጎንበስ አልኩ። ከእጥፋቱ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ መርፌ የመሰለ ጣት ወጥቷል።

ለካስ ባሌ ያን ቀን ጠዋት ተንበርክኮ ከወለሉ አንስቶ እግሩ ሥር የወተፈው ይህን ነው። ማሽኔ አለመንገጫገጩን እንኳ በጭንቀት ብዛት ልብ አላልኩትም ነበር። መጀመሪያ የመጣልኝ ነገር ባለ ኮፍያው ነው፤ እጇ መገኘቷን ቢሰማ፣ «እንግዲያው ቀጥዪላት» ቢል፣ ሁሉም ነገር ቢበላሽ። ጫሪት እስክትመጣ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ጠበቅሁ። ስትገባ በጣቴ ብቻ አሳየኋት።

ወለሉ ላይ በሆዷ ተኛችና አየቻት። አልነካቻትም።

«ከብዷት ይሆን?» አልኩ።

«እየሠራች ነው» አለች። «ትቆይ።»

ማሽኑን ወደ ቦታው መለስኩት። አሁን መርገጫውን ስነካ ድምፁ ልስልስ ብሎ ይሄዳል፤ ስፌቱ እንዳሠመርኩት ቀጥ ይላል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጎንበስ ብዬ አያታለሁ። አለች። ባሌ ከኋላዬ ያልፋል፣ «ደህና አደርሽ» ይለኛል። «ደህና አደርክ» እለዋለሁ። ምን እንደማይ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አንስቼበት አላውቅም።